ደንገጎን በጆሮ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ይህን የምቀዳው ማታ ነው። ድሬ ቀን ላይ ያለ ቬንትሌተር አይቀመጥም። ቬንትሌተሩ ከተከፈተ ደግሞ እናንተ የምትሰሙት እሱን ብቻ ነው። ስለዚህ አጥፍቼው፣ ላቤን እየጠረግኩ ነው የማወራችሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ አባቴ መኪና ነው። ፔዦ 404። ለሐረር ልጅ ይቺን መኪና ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ለሌሎቻችሁ ግን፣ የወጣችው በፈረንጆቹ 1960 ነው። ቅርጿ የጣሊያኖቹ የፒኒንፋሪና ሥራ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ በ1975 መመረቷ ቆሟል። ወሬው ሐረር የደረሰ ግን አይመስልም። እዚያ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ማለት ፔዦ ማለት ነበር። አባቴም በእሷ ሠርቶ ነው ያሳደገን። አሁን ሁለቱም ጡረታ ላይ ናቸው።

አባቴ መኪና የሚነዳው በጆሮው ነው። ልጆች ሆነን ደጃፍ ላይ ተቀምጦ፣ ገና መታጠፊያው ጋ ያለ መኪና ሰምቶ «የሱ አንዷ ካንዴላ አትሠራም» ይል ነበር። መኪናው ሲደርስ እውነትም እየተንተባተበ ነው። ጌጅ፣ ማለትም ዳሽቦርድ ላይ ያለው ባለ መርፌ መለኪያ፣ የሚባል ነገር አያምንም። የእኛዋ የሙቀት ጌጅ እኔ ሳልወለድ ነው የሞተው። ማንም አላለቀሰለትም።

ወር ላይ አንድ ሁለቴ ድሬ እኔ ጋ ይወርድባታል። መውረዱስ ምንም አይደል። ወደ ሐረር መመለሱ ነው ነገሩ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የደንገጎ ዳገት ጫፍ ስትደርሱ 2,000 ሜትር ገደማ ናችሁ። ያውም ገና ከመነሻው፣ ሙቀቱ ሳይለቃችሁ ነው ዳገቱ የሚጀምረው። ከዚያ ወዲያ አዴሌ፣ ሐረማያ፣ አወዳይ እያላችሁ ነፋሱን እየበላችሁ ትሄዳላችሁ። ሥራው ያለው ደንገጎ ላይ ነው።

ባለፈው ግንቦት አብሬው እየወጣሁ ነበር። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነን። አባዬ ስለ አንድ የድሮ ተሳፋሪ እያወራ ነው። በመሀል ቺንጋው፣ ሞተሩ ላይ የሚዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ሲያፏጭ ሰማሁ። ቀጭን ድምፅ ናት፤ ትመጣለች፣ ትጠፋለች። እሱ አንድ ነገር እስኪል ጠበቅኩ። ወሬውን ቀጠለ። እኔም ዝም አልኩ። ለእሱ ስለ መኪና ድምፅ መንገር፣ ለቀባሪው አረዱት ነው።

ሦስት መታጠፊያ አልፈን እንፋሎቱ ከኮፈኑ ስር ወጣ።

ቆምን። የራዲያተሩን ክዳን ሳንነካ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። የምትፈላ መኪና ክዳን ከፍቶ ፊቱን የተቃጠለ ሰው እናውቃለን። ውሃ ደግሞ ከፍታው በጨመረ ቁጥር ቶሎ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ደንገጎ ጫፍ ላይ 93 አካባቢ ይበቃዋል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ይዞ ይህን ማካካስ ነበረበት። የእኛ ክዳን ላስቲኩ ደርቋል።

አባዬ ቺንጋውን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። ላልቷል። በዚች መኪና ላይ የውሃ ፓምፑንም፣ ፋኑንም፣ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞንም የሚያዞረው ያ ቺንጋ ነው። እሱ ከተንሸራተተ ሁሉም ይደክማሉ።

«ቺንጋው ነው» አለ። ቀጥሎ ግራ ገብቶት «አላፏጨም እኮ» አለ።

ምንም አላልኩም። እስከ ሐረር ድረስ ምንም አላልኩም።

አሁን ወደ ሽቦው ልግባ። በሳምንቱ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ወርጄ ሦስት ጌጅ ገዛሁ። 52 ሚሊ ሜትር ክብ፣ የተለመደው መጠን። አንዱ ለውሃ ሙቀት፣ አንዱ ለዘይት ግፊት፣ አንዱ ለቮልት። ሐረር ይዤ ስሄድ አባዬ ገና ካርቶኑን ሲያይ «አቦ! መኪናዬ ምን አደረገችሽና ነው ሆስፒታል የምታስተኛት?» አለኝ። ብቻ ቁልፉን ሰጠኝ። ይህን ልብ ብያለሁ። ድሮ ቢሆን ቁልፉን አይሰጠኝም ነበር።

መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታሁ። ከዚያ ዳሽቦርዱ ስር በጀርባዬ ገባሁ። ያየሁትን ብታዩ! የድሮው ሽቦ ልባሱ ሲነካ እንደ ድርቆሽ ይሰባበራል። በዚያ ላይ የስንት ኤሌክትሪሽያን አሻራ አለበት። ቀዩ ከሰማያዊው ተጠምዝዟል፣ በፕላስተር ተጠቅልሏል፣ ፕላስተሩ ቀልጧል። አንዱ ጀግና ደግሞ ሬዲዮኑን ያለ ምንም ፊውዝ ቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኝቶታል። ስንት ዓመት ሳንቃጠል እንደኖርን እግዜር ይወቅ። አንድ ቀን ሙሉ የሄደው አዲስ ሽቦ በመዘርጋት ሳይሆን የትኛው ሽቦ ምን እንደሆነ ወረቀት ላይ በመሳል ነው።

ጌጅ ብዙ ኤሌክትሪክ አይበላም። አንድ ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና ትንሽ ፊውዝ ይበቃዋል። ኃይሉን ከባትሪው ቀጥታ አትውሰዱ፤ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ከሚመጣው መስመር ውሰዱ። አለዚያ ጠዋት ባትሪ ሞቶ ትገፋላችሁ። ሽቦው ከሞተር ክፍል ወደ ውስጥ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ጎማ አድርጉበት። የቆርቆሮ ጠርዝ ሽቦን ቀስ ብሎ ነው የሚበላው። የዘይቱን ጌጅ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን መረጥኩ። ሌላኛው ዓይነት በቀጭን ቱቦ የጋለ ዘይት እስከ ጉልበታችሁ ድረስ ያመጣል። ቱቦው ከተቀደደ ሱሪያችሁን አስቡት።

የዘይቱ ሴንሰር ጥርስ ከሞተሩ ጥርስ ጋር አልገጥም አለ። ድሬ ተመልሼ ቶርኖ ቤት፣ ብረት የሚቀርጹበት ቤት፣ ማገናኛ አስቀረጽኩ። ባቡሩ በፈረንጆቹ 1902 ከጅቡቲ ድሬ ከደረሰ ጀምሮ ይቺ ከተማ ብረት የሚያውቅ ሰው አጥታ አታውቅም። የቀረጸልኝ ሰውዬ አባቱ የባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበሩ። ሂሳቡ ላይ ግን አልራራልኝም። ማገናኛው ሁለት አፍ ስላለው የድሮዋን ቀይ የዘይት መብራትም አልጣልኳትም። ጌጅ ሲበላሽ ዝም ብሎ ነው፤ መብራት ዓይን ውስጥ ይገባል።

ዳሽቦርዱን አልቀደድኩም። ይህን አባዬ ሳይለምነኝ ነው የወሰንኩት። ከስሩ የምትንጠለጠል የቆርቆሮ ሳጥን አሠራሁና መኪና ግርግር ወስጄ ጥቁር ላስቲክ አለበስኳት። መኪና ግርግርን ለማታውቁ፣ ጀጎል ውስጥ ልብስ ሰፊዎች የተደረደሩባት መንገድ ናት፤ ስሟ ከስፌት መኪኖቹ ድምፅ የመጣ ነው። ሰፊው በሕይወቱ ብዙ ነገር ሰፍቷል፣ ለፔዦ ግን ልብስ ሲሰፋ የመጀመሪያው ነው። ሲስቅ መርፌው ሊወጋው ነበር።

ሁሉን ገጥሜ፣ ሞተር አስነስቼ፣ አባዬን ጠራሁት። ሞተሩ ሲጠፋ ቮልቱ 12.6፣ ሲነሳ 14 ገደማ። አማረ። መሸት ሲል መብራት አበራሁ። የውሃው መርፌ ብድግ ብሎ ወደ ቀዩ ሄደ። ሳጠፋው ተመለሰ። ደግሞ ሳበራው፣ ብድግ።

አባዬ ደስ አለው። «በቃ፣ መብራት ያስፈራታል ማለት ነው» አለና ወደ ቤት ገባ።

ውሃው አልጋለም ነበር። ጌጁ ነው የዋሸው። የጌጆቹን ኔጋቲቭ ያሰርኩት አንድ የድሮ ብሎን ላይ ነው፤ ከብሎኑ ስር ደግሞ ቀለም አለ። የመብራቱ ኤሌክትሪክ በዚያው መንገድ ወደ ባትሪው ለመመለስ ሲጋፋ መርፌው ይረበሻል። ቀለሙን በአሸዋ ወረቀት ፍቄ ብረቱን አወጣሁና ለጌጆቹ ብቻ የራሳቸውን ሽቦ ሰጠኋቸው። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ለማግኘት ግን ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። እንዲያ ዓይነት ነገር ሲገጥማችሁ ጌጅ ከመቀየራችሁ በፊት ኔጋቲቩን እዩ።

ባለፈው እሁድ ድሬ ወርዶ ነበር፣ ስንመለስ አብሬው ወጣሁ። መሽቷል፣ መብራት አብርተናል። የውሃው መርፌ ቦታዋን አልለቀቀችም። አባዬ ጌጆቹን አያያቸውም። ማለቴ፣ እንደማያያቸው ነው የሚነዳው። ያንኑ የድሮ ተሳፋሪ ወሬ ጀመረልኝ። በድሬ ወግ አባቴን አንተ ስለምለው፣ «ይህን ነግረኸኛል» አልኩት። ቀጠለ።

ግማሽ ዳገት ላይ የቮልቱ መርፌ ከ14 ወደ 12 ወረደች። ቺንጋው አዲስ ነው፤ አዲስ ቺንጋ መጀመሪያ ላይ ይለጠጣል፣ ደግሞ መወጠር አለበት። እኔ ጆሮዬን ጣልኩ። ከሞተሩና ከነፋሱ በቀር ምንም የለም። ቺንጋው አላፏጨም።

አባዬ ወሬውን አቋርጦ ዳር ያዘ።

«ቺንጋው ላልቷል» አለ። «ሰማሽው?»

ዓይኑ ጌጁ ላይ ነው።

«አዎ አባዬ፣ ሰማሁት» አልኩት። የብሎን መፍቻውን ከወንበሩ ስር አውጥቼ አቀበልኩት።