ከልጅ ጋር ለማንበብ ባለ ቀለም ኢ-ሪደር፦ ከቀለሙ በፊት መጠኑን እዩ

ጤና ይስጥልኝ! ዛሬ የማወራችሁ ከትንንሽ ልጆች ጋር አብሮ ለማንበብ ስለሚሆን፣ ኪስም ብዙ ስለማይጎዳ ባለ ቀለም ኢ-ሪደር ነው፣ ማለትም መጽሐፍ ለማንበብ ስለተሠራ መሣሪያ። የምኖረው አሜሪካ ስለሆነ ዋጋውን በዶላር ነው የምጠራው። ዋናውን ነገር ከወዲሁ ልንገራችሁ። ሰው ሁሉ ስለ ቀለሙ ይጠይቃል፣ እናንተ ግን መጀመሪያ የስክሪኑን መጠን ጠይቁ።

(ምስል፦ ባለ 6 ኢንች እና ባለ 7 ኢንች ኢ-ሪደር፣ መሃላቸው የተከፈተ የልጆች መጽሐፍ)

የልጆች የሥዕል መጽሐፍ ሲከፈት ሁለት ገጽ ሆኖ ጭን ላይ ይዘረጋል። ልጅ በአንድ በኩል፣ እናንተ በሌላ በኩል፣ ጣት ሥዕሉ ላይ። ባለ 6 ኢንች ስክሪን ግን 12 ሴንቲ ሜትር በ9 ገደማ ነው፣ ፖስትካርድ እንኳን አያክልም። ያን ሁሉ ሥዕል እዚያ ላይ ስትጨምቁት ጽሑፉ የጉንዳን ሰልፍ ይመስላል፣ ልጁ ደግሞ ለማየት ሲሳብ ጭንቅላቱ ስክሪኑን ይሸፍንባችኋል። 7 ኢንች ሲሆን አንድ ኢንች ብቻ የጨመረ ይመስላል እንጂ ስፋቱ ከሲሶ በላይ ነው የሚያድገው።

ቀለሙስ? ስልካችሁ ላይ የለመዳችሁትን አትጠብቁ።

(ምስል፦ የስክሪኑ ንብርብር በቀላል ሥዕል)

ኢ-ኢንክ በሚባለው የኢ-ሪደር ስክሪን ውስጥ ጥቃቅን ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶች አሉ። በኤሌክትሪክ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳሉ፣ ለእኛ የሚታየን ላይ የወጣው ነው። ገጹ አንዴ ከቆመ በኋላ ሥዕሉን ለማቆየት ኃይል አይፈልግም፣ ለዚህ ነው አንዴ ቻርጅ አድርጋችሁት ሳምንታት የሚያቆየው። ካሌይዶ 3 የሚባለው ባለ ቀለሙ ስክሪንም ከሥሩ ያው ጥቁርና ነጭ ነው፣ ከላዩ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ማጣሪያ ተነጥፎበታል። በዚህ ምክንያት ጥቁሩ ጽሑፍ በኢንች 300 ነጥብ ሲሆን ባለ ቀለሙ ሥዕል 150 ብቻ ነው፣ ቀለሞቹም 4,096 ናቸው። ማጣሪያው ብርሃን ስለሚቀንስ ነጩ ገጽ ወደ ግራጫ ያደላል። ልጄ በመጀመሪያው ማታ አንዲት ዶሮ አይታ፣ «እማዬ፣ ይቺ ቀይ ናት ወይስ ቡኒ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ቀዩ የሸክላ ቀለም ነው የሚመስለው። የስክሪኑን መብራት ከፍ ሳደርግላት ዶሮዋ ትንሽ ቀላች፣ ከዚያ ወዲያ ስለ ቀለሙ ጠይቃኝ አታውቅም።

ወደ ዋጋ እንምጣ። በ2024 ሚያዝያ ላይ ኮቦ የሚባለው ኩባንያ ሁለት ባለ ቀለም ኢ-ሪደር አወጣ፤ ባለ 6 ኢንቹ ክላራ ከለር ሲወጣ 149.99 ዶላር፣ ባለ 7 ኢንቹ ሊብራ ከለር 219.99 ዶላር ነበር። የአማዞኑ ኪንድል ከለርሶፍት በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ በ279.99 መጣ፣ እሱም 7 ኢንች ነው። ሦስቱም ውሃ ይችላሉ። ርካሹ ክላራ ነው፣ ግን ለሥዕል መጽሐፍ አልመክረውም። ልጃችሁ 7 ወይም 8 ዓመት ሞልቶት ብዙ ጽሑፍና አልፎ አልፎ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ከጀመረ ያኔ ክላራ በቂ ነው፣ እንዲያውም 174 ግራም ብቻ ስለሆነ ለትንሽ እጅ ይመቻል። ከዚያ በታች ለሆነ ልጅ ሊብራን ፈልጉ፣ አዲሱ ከከበዳችሁ ታድሶ ዋስትና ያለውን። ገጽ መገልበጫ ቁልፍ አለው፣ ልጆች ያን ቁልፍ መጫን ነፍሳቸው ነው።

«ታብሌት አይረክስም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ይረክሳል፣ ቀለሙም ይበልጣል። ግን ታብሌት ላይ ቪዲዮው አንድ ጣት ብቻ ነው የሚርቀው። በ2019 ፔዲያትሪክስ መጽሔት ላይ የወጣ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጥናት 37 ወላጆችን ከ2 እስከ 3 ዓመት ከሆኑ ልጆቻቸው ጋር አይቶ ነበር፤ በታብሌት ሲያነቡ ከወረቀቱ ያነሰ ነበር የሚነጋገሩት፣ ድምፅና እንቅስቃሴ በሌለው መጽሐፍ ጭምር። ስለዚህ ልጃችሁ 3 ዓመት ካልሞላው ገንዘባችሁን ለወረቀት መጽሐፍ አውሉት። ኢ-ሪደሩንም የገዛሁት የወረቀቱን መደርደሪያ ላስወግድበት አይደለም።

ታዲያ ለምን ገዛሁት? ለአማርኛው ነው!

(ምስል፦ የአማርኛ ተረት ገጽ በስክሪኑ ላይ)

እዚህ አገር የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ እንደ ልብ አይገኝም። የደቡብ አፍሪካው አፍሪካን ስቶሪቡክ እና የሕንዱ ስቶሪዊቨር ግን የአማርኛ የሥዕል መጽሐፍ በነፃ ያስነብባሉ፣ በፒዲኤፍም ማውረድ ይቻላል። ፒዲኤፍ ፊደሉን ይዞ ስለሚመጣ አያስቸግርም፣ ገጹ ወደ ጎን የተዘረጋ ከሆነ መሣሪያውን አጋድማችሁ አንብቡ። እዚህ ላይ ነው 7 ኢንቹ ገንዘቡን የሚያወጣው። ኢፐብ የሚባለውን የኢ-መጽሐፍ ፋይል ከፍታችሁ ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከመጣ ደግሞ አትደንግጡ። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ የሚባለውን ነፃ ፎንት (የፊደል ፋይል) አውርዱ፣ ኢ-ሪደሩን ከኮምፒውተር ጋር አገናኙ፣ ፎንትስ የሚል ፎልደር በእንግሊዝኛ ፊደል ከፍታችሁ ውስጡ ጨምሩት፣ ከዚያ መጽሐፉን ስትከፍቱ ከፊደል ምርጫው ላይ ምረጡት። ፎንት መጨመሩ ኮቦም ኪንድልም ላይ ይሠራል፣ ኪንድል ግን በኬብል የተጫነ ኢፐብ በቀጥታ አይከፍትም።

የላይብረሪ መጽሐፍ በካርዳችሁ ኮቦ ላይ በቀጥታ መዋስ ትችላላችሁ፣ ሁሉም የሥዕል መጽሐፍ ግን ኢ-ሪደር ላይ አይከፈትም። ማቀፊያም አብራችሁ ግዙ፣ ስክሪኑ ልጅ ከተቀመጠበት ይሰነጠቃል።

ከገዛችሁ በኋላ የመመለሻው ቀን ሳያልፍ አንድ ማታ ልጃችሁ የሚወደውን መጽሐፍ ጭኑበትና አብራችሁ ተቀመጡ። እናንተ ደገፍ ብላችሁ እያነበባችሁ እሱም ከጎናችሁ ሆኖ ሥዕሉን በጣቱ እያሳየ የሚጠይቅ ከሆነ አስቀሩት። ለማየት ፊቱን ስክሪኑ ላይ ካስጠጋ መልሱት።