ተራራውን የሚዞር ባቡር፦ ከምጽዋ እስከ አስመራ

[ምስል፦ ጉም በሸፈነው ተረተር ላይ ቀስ ብሎ የሚወጣ የእንፋሎት ባቡር። ተራኪው ከመጀመሩ በፊት የባቡሩ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።]

ከምጽዋ ወደብ እስከ አስመራ ያለው ርቀት ወፍ በምትበርርበት መስመር ቢለካ 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የባቡሩ ሀዲድ ግን ከዚያው ተነሥቶ እዚያው ለመድረስ 118 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከሃምሳ ኪሎ ሜትር የሚበልጠው ትርፍ መንገድ ተራራው ያስከፈለው ቀረጥ ነው ማለት ይቻላል፤ ሀዲዱ ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ይወጣልና። በዚህ ትረካ ቀረጡ እንዴት እንደተከፈለ፣ ሥራው ከተቋረጠ ከብዙ ዓመታት በኋላም ሰዎች ለምን ወደዚህ መስመር እንደተመለሱ እናያለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን አንድ መሠረታዊ ነገር እንረዳ፤ ባቡር የሜዳ ፍጥረት ነው። የብረት መንኮራኩር በብረት ሀዲድ ላይ ሲሽከረከር የሚገጥመው ፍትጊያ እጅግ አነስተኛ በመሆኑ፣ አንድ ቶን የሚመዝን ፉርጎ በደልዳላ መሬት ላይ ለመጎተት የጥቂት ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ጉልበት ይበቃል። ዳገት ሲመጣ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። በየ100 ሜትሩ 3 ሜትር ተኩል ከፍ በሚል መንገድ ላይ የመሬት ስበት ብቻውን ያንኑ አንድ ቶን በ35 ኪሎ ግራም ያህል ኃይል ወደ ኋላ ይስበዋል። በሜዳ ላይ ጸጋ የነበረው የብረቱ ልስላሴም በዳገት ላይ ጠላት ይሆናል፤ መንኮራኩሩ ሀዲዱን መንከስ ተስኖት በቆመበት መሽከርከር ይጀምራል። በጎማ የሚሄድ መኪና ብዙም ሳይቸገር የሚወጣው ዳገት ለባቡር ግድግዳ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የዓለም መሐንዲሶች ለዚህ ችግር ልዩ ልዩ መፍትሔ አበጅተውለታል። በ1889 የተከፈተው የስዊዘርላንዱ የፒላተስ መስመር በሀዲዶቹ መካከል ጥርስ ያለው ብረት ዘርግቶ፣ የባቡሩ ጥርስ ከዚያ ጋር እየተነካከሰ 48 በመቶ የሚደርስ ዳገት እንዲወጣ አደረገ። በህንድ ወደ ዳርጂሊንግ የሚወጣው ጠባብ መስመር ደግሞ በ1881 ሥራ ሲጀምር ቀለበት እየሠራ የራሱን ሀዲድ ከላይ የሚሻገርባቸው ስፍራዎች ነበሩት፤ ዛሬም ገደል ሲገጥመው ወደ ፊት ሄዶ ይቆምና ወደ ኋላ እየተገፋ ከፍ ይላል። የምጽዋና የአስመራው መስመር እንዲህ ያለ ብልሃት የለውም። መላው ዘዴው የተራራውን ወገብ ይዞ መዞር፣ ሸለቆ ሲገጥመው እስከ ሸለቆው ጓዳ ገብቶ በሌላኛው ጎን መውጣት፣ ሌላ ምርጫ ሲጠፋ ብቻ ዐለቱን መብሳት ነው።

[ምስል፦ የምጽዋ ወደብ፣ ከዚያም የዶጋሊ ቆላ።]

ጅማሬው ስለ ውበት የታሰበበት አልነበረም። በጥር 1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የኢጣሊያን ጦር ከደመሰሱ በኋላ ኢጣሊያ ብዙ ሠራዊት ወደ ምጽዋ ላከች፤ ሠራዊቱን የሚቀልበው ስንቅና መሣሪያ በግመል ብቻ እንደማይዘለቅ በመታየቱም ከወደቡ እስከ ሰሓጢ ምሽግ 27 ኪሎ ሜትር ሀዲድ ተነጠፈ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1888 ወደ ሰሓጢ ዘምተው ምሽጉን ሳይወጉ ሲመለሱ፣ ምሽጉ ከባሕሩ ጋር በብረት የተገናኘ ነበር። ይህ ሀዲድ ጠመንጃ ለማመላለስ ተወልዶ ኋላ ሰውና እህል ያመላለሰ መሆኑን ሳይሸሽጉ መናገር ተገቢ ይመስለኛል፤ የምሕንድስናው ጥበብ ማማሩ የተሠራበትን ዓላማ አያሳምረውም።

ሜዳው ካለቀ በኋላ ሥራው አዘገመ። ከሰሓጢ የተነሣው መስመር ጊንዳዕ የደረሰው በ1904 ነው። ነፋሲት የገባው በ1910 ሲሆን አስመራን ያየው በ1911 መጨረሻ ነው። በቆላው 27 ኪሎ ሜትር በአንድ ዓመት ገደማ የተነጠፈ ሀዲድ የቀረውን 90 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ከሃያ ዓመታት በላይ ፈጀ። ለዚህ መጓተት የገንዘብና የፖለቲካ ምክንያቶች ነበሩበት፤ ዋናው ሸክም ግን ከጊንዳዕ በላይ ያለው ተራራ ነው። እዚያ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ሀዲድ ላይ ከፍታው በ1,400 ሜትር ያህል ይጨምራል፤ ይህም ማለት ባቡሩ ወገቡን ቀና የሚያደርግበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል።

መሐንዲሶቹ በሀዲዶቹ መካከል ያለው ስፋት 95 ሳንቲ ሜትር ብቻ እንዲሆን የወሰኑትም ስለዚሁ ነው። በብዙ አገሮች የተለመደው ስፋት 143.5 ሳንቲ ሜትር ነው። ጠባብ ሀዲድ ጠባብ ዋሻና ጠባብ ድልድይ ይበቃዋል፤ ከሁሉም በላይ በጥብቅ መታጠፊያ መዞር ይችላል። በዚህ መስመር ላይ የመታጠፊያዎቹ ሬዲየስ እስከ 70 ሜትር ይወርዳል፤ ረጅም ባቡር በእንዲህ ያለ ጥምዝ ላይ ሲዞር በመጨረሻው ፉርጎ የተቀመጠ ሰው የባቡሩን ራስ በጎን መስኮቱ ያየዋል። ሀዲዱ በዚህ ዓይነት እየተጠማዘዘ በደርዘን በሚቆጠሩ ዋሻዎችና ድልድዮች ያልፋል፤ ከእነዚህ መካከል በ14 የድንጋይ ቅስቶች ላይ የቆመው የኦበል ድልድይ ዓይን ይስባል።

[ምስል፦ የሎኮሞቲቩ ሥዕላዊ መግለጫ፤ የፊተኛው የመንኮራኩር ክፍል በመታጠፊያ ላይ ሲዞር።]

ይሁን እንጂ ጥብቅ መታጠፊያ ሌላ ችግር ወለደ። ዳገት ለመውጣት ከባድና ብዙ መንኮራኩር ያለው ሎኮሞቲቭ፣ ማለትም ፉርጎዎቹን የሚጎትተው የባቡሩ ራስ፣ ያስፈልጋል፤ ብዙ መንኮራኩር በአንድ ደረቅ ብረት ላይ ከተደረደረ ደግሞ በ70 ሜትር ጥምዝ ላይ ይቀረቀራል። ለዚህ እንቆቅልሽ መልስ የሰጠው በስዊዘርላንድ የተወለደው መሐንዲስ አናቶል ማሌ ነው። የእርሱ ሎኮሞቲቭ መንኮራኩሮቹን ለሁለት ይከፍላቸዋል፤ የኋለኞቹ ከማፍያው ጋን ጋር ተጣብቀው ሲቆሙ የፊተኞቹ እንደ በር በማጠፊያ ላይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛሉ። እንፋሎቱም ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ መጀመሪያ በሙሉ ኃይሉ የኋለኞቹን ሲሊንደሮች ይገፋል፣ ከዚያ ጉልበቱ ቀነስ ብሎ ወደ ፊተኞቹ ሰፋፊ ሲሊንደሮች ይተላለፋል። የመጀመሪያው እንጀራ የተጋገረበት እሳት ሳይባክን ለወጡም እንደሚደርስ ማለት ነው። በዚህ መስመር ላይ እስከ ዘመናችን ከደረሱት የማሌ ሎኮሞቲቮች ውስጥ በ1938 በአንሳልዶ ፋብሪካ የተሠሩ ይገኛሉ።

እግረ መንገዳችንን ስለ ቃላት አንድ ነገር እንበል። «ባቡር» የሚለው ስማችን ራሱ በዐረብኛ በኩል ከአውሮፓውያኑ «እንፋሎት» ከሚል ቃል እንደመጣ ይነገራል፤ የእህል ወፍጮውን ባቡር ማለታችንም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቪቴ የምንላቸውም የጣሊያንኛ ልጆች ናቸው። የአዲስ አበባው ለገሃር ደግሞ ከፈረንሳዮች የተወረሰ ነው፤ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1917 አዲስ አበባ የገባውን መስመር የሠሩት እነርሱ ነበሩና። ያም ሀዲድ ከባሕር ተነሥቶ ደጋ ይወጣል፤ ነገር ግን 784 ኪሎ ሜትር ርዝመት ስለነበረው ዳገቱን በሰፊው ለማከፋፈል ዕድል አግኝቷል። የምጽዋው መስመር ይህ ዕድል አልነበረውም።

መስመሩ ከአስመራ አልፎ በ1922 ከረን፣ በ1928 አቆርዳት ደረሰ። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1935 ኢትዮጵያን ስትወር ወታደርና ጥይት የወጣው በዚሁ ዳገት ነው፤ ሊቶሪና የተባለችው ባለ ሞተር የመንገደኛ ባቡርም የገባችው በዚያው ዘመን ነው። ሀዲዱ ብቻውን ባለመብቃቱ በ1937 ከምጽዋ አቅጣጫ እስከ አስመራ በገመድ የሚሳብ የጭነት ማጓጓዣ ተሠራ። ገመዱ ተራራውን መዞር ስለማያስፈልገው ርዝመቱ 72 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። እንግሊዞች አገሩን ከያዙ በኋላ ገመዱ ተነቃቅሎ ጠፋ፤ ዘጋሚው ሀዲድ ግን ቀረ።

ኋላም መኪና መንገዱ ጭነቱን ወሰደበት፤ ጦርነቱ ደግሞ ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ ፈጽሞ አቆመው። በጦርነቱ ዓመታት ሀዲዱና ሀዲዱን የሚሸከሙት አግዳሚ ብረቶች እየተነቀሉ ለምሽግና ለጉድጓድ ጣሪያ ዋሉ። ባቡሩን ጦርነት ወለደው፤ ሌላ ጦርነት በላው።

[ምስል፦ በአስመራ የባቡር ጋራዥ ውስጥ አሮጌ የማሽን መሣሪያዎች፤ ዘይት የነካቸው እጆች።]

ኤርትራ በ1993 ነጻ አገር ከሆነች በኋላ መስመሩን የመጠገን ሐሳብ ተነሣ። በውጭ ኩባንያዎች ከፍተኛ ዋጋ ከማሠራት ይልቅ በአገሬው ሰው እንዲሠራ ተወሰነ፤ ሥራውን የሚያውቁት ደግሞ ጡረታ የወጡት የቀድሞ ባቡረኞች ነበሩ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ስድሳን ያለፉ፣ አንዳንዶቹም ከሰባና ከሰማንያ የዘለሉ አዛውንት ናቸው። ከምሽግ የተለቀመው ብረት እንደገና ተነጠፈ፤ ለሎኮሞቲቮቹ የሚሆን መለዋወጫ በገበያ ስለማይገኝ በአስመራው ጋራዥ በእጅ ተሠራ። ሥራው ከምጽዋ ተነሥቶ ሽቅብ እያለ በ2003 አስመራ ደረሰ። በእኔ ግምት በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ሥራ ይህ ነው፤ ዋሻው ቢፈርስ በፕላን ይሠራል፣ ያረጀ ማፍያ ጋንን በጆሮ አዳምጦ ሕመሙን የሚያውቅ ሰው ከሞተ ግን ዕውቀቱ ከእርሱ ጋር ይቀበራል።

ዛሬ ባቡሩ በመደበኛ ሰዓት አይመላለስም፤ የጎብኚዎች ቡድን ሲከራየው ይነሣል፤ ብዙ ጊዜም ከአስመራ እስከ ነፋሲት ባለው የተራራው ክፍል ላይ ይጓዛል። እሳቱ ከጉዞው ሰዓታት ቀድሞ ይለኮሳል። ሰዎች ከሩቅ አገር መጥተው የሚሹት ነገር የመነጨው ከዚያው ከዳገቱ ሒሳብ ነው። ሀዲዱ ዳገቱን ስለሚያከፋፍል ባቡሩ አንዱን ሸለቆ ደጋግሞ ያሳያል፤ ተጓዡ ቀድሞ ያለፈበትን ሀዲድ ከእግሩ በታች ቀጭን መስመር ሆኖ ያየዋል። ዘገምተኛ ስለሆነም በለሱን፣ ጉሙን፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ደብረ ቢዘን ገዳም የተመሠረተበትን ከነፋሲት በላይ ያለውን ተራራ በፋታ ለማየት ያበቃል። በትንፋሹም ዳገቱን መስማት ይቻላል፤ ሲከብደው ምቱ ይረዝማል፣ ሲቀለው ይፈጥናል። መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ተራራውን እንዲህ አይሰማውም።

ወደ ታች ሲመለስ ደግሞ ሥራው ከእሳት አንዳጁ ወደ ፍሬን ያዦቹ ይዛወራል። መውረድ ከመውጣት ይልቅ ያስፈራል፤ ወደ ኋላ ይጎትት የነበረው ስበት አሁን ከኋላ ይገፋልና። በየፉርጎው የእጅ ፍሬን ላይ ሰው ይቆማል፤ ነጂው በፉጨት ሲያዝዝ እጀታውን ያጠብቃል፣ ሲያዝዝ ያላላል። ጎብኚው ካሜራውን ወደ ገደሉ ሲያዞር፣ ከጎኑ የቆመው ፍሬን ያዥ ግን ገደሉን አይመለከትም፤ እጁን በብረቱ ላይ አድርጎ ቀጣዩን ፉጨት ይጠብቃል።