ከመሄድ በፊት መቆም፦ ሴግዌይን በጥንቃቄ መንዳት እንዴት ይለመዳል?

(ምስል፦ ማለዳ፤ ከደብረ ብርሃን ከተማ ወጣ ብሎ የሚገኝ መስክ። አንድ እረኛ ልጅ ዱላውን በመዳፉ ላይ አቁሞ ይራመዳል።)

ተራኪ፦
ይህን ልጅ ልብ ብላችሁ እዩት። ዱላው በመዳፉ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላል፤ እጁ ግን ለአፍታ እንኳ አያርፍም። ዱላው ወደ ፊት ሲያዘነብል እጁ ወደ ፊት ይከተለዋል፣ ወደ ግራ ሲያዘነብል ወደ ግራ ይደርስለታል። ዱላው ሳይወድቅ የሚቆየው መውደቅ በጀመረ ቁጥር እጁ ከሥሩ እየገባ ስለሚያነሣው ነው። ልጁ እግሩ ድንጋይ ቢመታው ወይም እጁ መከተል ቢያቅተው ዱላው ያኔውኑ መሬት ላይ ነው።

ሴግዌይ በመባል የሚታወቀው፣ ራሱን በሚዛን የሚጠብቀው ባለ ሁለት ጎማ መጓጓዣም የሚሠራው እንደዚህ ነው። ዱላው ሰውየው ነው፤ እጁ ደግሞ ጎማዎቹ። በዚህ ቪዲዮ ውስጥ የምንናገረው ሁሉ፣ ስለ አወጣጥም ሆነ ስለ ባትሪ፣ ስለ ኮብልስቶንም ሆነ ስለ ውርጭ፣ ተመልሶ የሚያርፈው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ ጎማዎቹ ከሥሬ መድረስ ይችላሉ ወይስ አይችሉም?

(ምስል፦ መሣሪያው ከጎን ሲታይ፤ መቆሚያው፣ ሁለቱ ጎማዎችና ቀጥ ያለው እጀታ።)

ተራኪ፦
መሣሪያውን የፈለሰፈው አሜሪካዊው ዲን ካመን ሲሆን፣ ለሕዝብ የታየው ኅዳር 24 ቀን 1994 ዓ.ም. ነው። የብስክሌት ጎማዎች አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ሲሆኑ፣ የሴግዌይ ጎማዎች ግን ጎን ለጎን የተተከሉ ስለሆነ፣ ኃይሉ ሲጠፋ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ከመደፋት የሚያግደው ነገር የለም። ሲበራ ግን በመቆሚያው ሥር የተቀመጡት 5 ጋይሮስኮፖችና 2 የዘንበልታ መለኪያዎች ነጂው ወዴት እንዳዘነበለ እያነበቡ ለኮምፒውተሩ ይነግሩታል፤ ኮምፒውተሩም በአንድ ሰከንድ ውስጥ 100 ጊዜ ያህል ለሞተሮቹ ትእዛዝ ይሰጣል። ሰው ወደ ፊት ሲያዘነብል ጎማዎቹ ሊደርሱለት ወደ ፊት ይሽከረከራሉ፤ ጉዞ የምንለው ይህንኑ መከተል ነው። ወደ ኋላ ሲያዘነብል ደግሞ መሣሪያው ይዘገያል፣ ከዚያም ይቆማል፣ ማዘንበሉ ከቀጠለም ወደ ኋላ ይሄዳል። የእጅ ፍሬን የለውም፣ የእግር ፍሬንም የለውም። ፍሬኑ የነጂው ክብደት ነው።

ብስክሌትና ሞተር ሳይክል መንዳት የለመደ ሰው ለዚህ መሣሪያ አዲስ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በድንገት በግ ቢገባበት ጣቶቹ ፍሬን ፍለጋ እጀታውን ይጨምቃሉ፤ ደረቱም በድንጋጤ ወደ ፊት ይሄዳል። ብስክሌት ላይ ብዙም የማይጎዳው ይህ ልማድ ሴግዌይ ላይ ፍጥነት መጨመር ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚለመደው መሄድ ሳይሆን መቆም ነው፤ ከመቆምም በፊት መውረድ።

(ምስል፦ የሲሚንቶ ወለል ያለው ሰፊ ግቢ። አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ሄልሜት አድርገው መሣሪያው አጠገብ ቆመዋል። ረዳቱ ከፊታቸው ነው።)

ተራኪ፦
መለማመጃው ደረቅ፣ ለጥ ያለና ሰው የማይተላለፍበት ቦታ ይሁን። ሄልሜት የግድ ነው። ሰው ሲወድቅ በመዳፉ መሬቱን ለመደገፍ ስለሚሞክር፣ የእጅ አንጓ መከላከያ የተገኘ እንደሆነ እሱም ይታሰር። እዚህ በእኛ ብርድ ሰው ጋቢውን ሳይደርብ ማለዳ አይወጣም፤ ነገር ግን የጋቢም ሆነ የነጠላ ጫፍ ጎማ ውስጥ ሲገባ ሰውየውን ጎትቶ ይጥለዋልና፣ ለልምምድ ጊዜ ጋቢው ወንበር ላይ ይቀመጥ፤ በምትኩ አጠር ያለ ጃኬት ይለበስ።

ረዳት ያስፈልጋል። ረዳቱ ፊቱን ወደ ተማሪው አዙሮ የእጀታውን ዘንግ በሁለት እጁ ይይዛል። ተማሪው መሣሪያው መብራቱንና ሚዛን መጠበቅ መጀመሩን በማሳያው ላይ ካረጋገጠ በኋላ፣ አንድ እግሩን መቆሚያው ላይ በቀስታ ያሳርፋል፤ ሌላኛው እግሩ ገና መሬት ላይ እንዳለ ክብደቱን ወደ ላይኛው እግር እያዛወረ ሁለተኛውን ያስከትላል። ሲወጡ እጀታውን ወደ ራስ መሳብ የተለመደ ስሕተት ነው፤ መሣሪያው የእጀታውን መሳብ እንደ ትእዛዝ ስለሚቆጥረው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ የተማሪውንም ቁርጭምጭሚት ይመታል።

(ድምፅ ከግቢው፦)
— ጋሼ፣ ወደ እግርዎ አይመልከቱ። የግቢውን በር ይመልከቱ።
— ይንቀጠቀጣል እኮ ልጄ!
— የሚንቀጠቀጠው የእርስዎ ጉልበት ነው። ትንሽ ያጥፉት፣ ይተንፍሱ።

ተራኪ፦
ረዳቱ የተናገረው እውነት ነው። ጀማሪ ሁሉ መሣሪያው ተንቀጠቀጠብኝ ይላል። ተማሪው ሳይታወቀው ጣቶቹንና ተረከዙን እያፈራረቀ ሲጫን መሣሪያው እያንዳንዷን ጫና ተከትሎ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ሰውየውም ያንን ለማረም ሲሞክር ይብሳል። ጉልበቱን ላላ አድርጎ ዓይኑን ሩቅ ቦታ ላይ ሲያሳርፍ ግን አንድ ደቂቃ ሳይሞላ መንቀጥቀጡ በራሱ ጊዜ ይረጋል። ይህች ደቂቃ የልምምዱ ሁሉ ቁልፍ ስለሆነች ተማሪውን አታጣድፉት፤ ምንም ሳይሄድ ዝም ብሎ ይቁም።

ከዚያ ይውረድ። መሣሪያው ፈጽሞ ሲቆም አንድ እግር ወደ ኋላ ወደ መሬት፣ ቀጥሎም ሌላኛው፤ እጀታው ግን ሁለቱም እግሮች መሬት እስኪነኩ ድረስ አይለቀቅም። እንደገና ይውጣ፣ እንደገና ይውረድ። እኔ ሳስተምር አሥር ጊዜ ያህል ሳላስወጣና ሳላስወርድ ማንንም ወደ ፊት እንዲሄድ አልፈቅድም። በእንቅስቃሴ ላይ እያሉ መዝለል የሚያስከትለውን ጣጣ ለመረዳት፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ 23,500 የሚጠጉ ሴግዌዮች ለእርማት የተጠሩበትን ምክንያት ማስታወስ ይበቃል፦ ነጂው ከመጠን በላይ ሲፈጥን የሚያዘገየው የፍጥነት ገደብ መሣሪያውን ወደ ኋላ እያጋደለ ባለበት ሰዓት ነጂው ወርዶ፣ መሣሪያው ፈጽሞ ሳይቆም ተመልሶ ሲወጣ፣ ጎማዎቹ ሳይታሰብ ወደ ኋላ ሊሽከረከሩ ይችሉ ነበር። ጉድለቱ በሶፍትዌር ታርሟል፤ ሳይቆም አለመውረድና ሳይቆም አለመውጣት ግን ዛሬም ደንብ ነው።

(ምስል፦ ተማሪው ሁለት ሜትር ወደ ፊት ሄዶ ይቆማል፤ ረዳቱ ከጎኑ ይራመዳል።)

ተራኪ፦
ማዘንበል የሚጀምረው ከቁርጭምጭሚት ነው። ወገብን ማጠፍ ደረትን ወደ ፊት፣ መቀመጫን ወደ ኋላ ስለሚወስድ ክብደቱ እዚያው ይቀራል፤ ሰውየው ጎንበስ ብሎ፣ መሣሪያው ግን ንቅንቅ ሳይል እናገኘዋለን። ሁለት ሜትር ሄዶ መቆም፣ ሁለት ሜትር ሄዶ መቆም፤ ለመቆም ደግሞ ወንበር ላይ ሊቀመጡ እንደሚሉ ዳሌን በመጠኑ ወደ ኋላ መስደድ። ፍጥነቱ ከሰው እርምጃ እንዳይበልጥ። መዞር ቀላል ነው፦ እጀታውን ወደሚፈልጉበት አቅጣጫ ማዘንበል ብቻ ይበቃል፤ ሆኖም በፍጥነት ላይ እያሉ መዞር አንዱን ጎማ ከመሬት ሊያነሣው ስለሚችል አስቀድሞ መዘግየት ያስፈልጋል።

አሁን ሰዎች በብዛት የሚወድቁበት ቦታ ላይ ደርሰናል። የመሣሪያው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነጂው ወደዚያ ሲጠጋ እጀታው ወደ ደረቱ ይመጣል፣ መቆሚያውም ከፊት ቀና ይላል። ልጁን ከነዱላው እንደገና አስቡት፦ ወደ ፊት ያዘነበለን ዱላ ወደ ኋላ ለመመለስ እጁ ዱላውን ቀድሞ መሄድ አለበት። ጎማዎቹም ነጂውን ወደ ኋላ ለማጋደል ለቅጽበት ከእርሱ መፍጠን ይኖርባቸዋል፤ ለዚህም መሣሪያው ትርፍ ጉልበት ቆጥቦ ይይዛል። ነጂው ግፊቱን እንደ ተቃውሞ ቆጥሮ መልሶ ሲጫነው የሚበላው ያንን ቁጠባ ነው። ቁጠባው ያለቀ ዕለት ጎማዎቹ መድረስ ያቅታቸዋል፤ ሰውየውም በፊቱ ይደፋል፣ ያውም በከፍተኛው ፍጥነት። ስለዚህ እጀታው ሲገፋችሁ ተገፉለት።

ባትሪ ሲያንስም ነገሩ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ 6,000 የሚጠጉ ሴግዌዮች ለእርማት የተጠሩት፣ ባትሪያቸው ሲደክም ነጂው በድንገት ፍጥነት ቢጨምር ወይም እንቅፋት ቢያጋጥመው ሞተሩ በቂ ጉልበት ሳያገኝ ሰው ሊጥል ይችል ስለነበር ነው። መኪና ነዳጅ ሲጨርስ መንገድ ዳር ይቆማል፤ ይህ መሣሪያ ጉልበት ሲጨርስ ግን የሚያቆመው ሰውን መያዝ ነው። የባትሪ ማስጠንቀቂያ ሲታይ ቤት እስክደርስ አይባልም። እዚያው ይወረዳል።

(ምስል፦ ታኅሣሥ፤ በውርጭ የነጣ ሣር። በር ላይ የቆመ መሣሪያ።)

ተራኪ፦
ይህን የተማርኩት በራሴ ላይ ደርሶ ነው። ዘመዳችን ከውጭ አገር ያመጣውን ሴግዌይ በታኅሣሥ ወር፣ ሌሊቱን ውርጭ በጣለበት ቀን፣ ማታ ቻርጅ አድርጌ በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ አሳድሬው ነበር። ማለዳ ላይ ማሳያው ባትሪው ሙሉ ነው አለኝ፤ እኔም አመንኩት። ከግቢው በር ስወጣ የውኃ መውረጃው ላይ የተጋደመች፣ ከሁለት ጣት የማትበልጥ የብረት ጠርዝ አለች፤ ሌላ ቀን ሳላያት የማልፋት። ጎማዎቹ እሷን ሲነኩ ድምፃቸው ወፍራም ሆነ፣ ለቅጽበት ያመነቱ መሰሉ፣ እኔ ግን አላመነታሁም፤ በግራ እጄ መሬቱን አገኘሁት። አንጓዬ ለሦስት ሳምንት ታስሮ ከረመ።

ሊቲየም ባትሪ ሲበርደው የያዘው ኃይል ባይጠፋም በአንድ ጊዜ አውጥቶ መስጠት የሚችለው ይቀንሳል፤ ለጥ ባለ መንገድ ላይ ልዩነቱ አይታወቅም፣ ጎማው ድንገተኛ ጉልበት ሲጠይቅ ግን ይታወቃል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ለምትገኘው ደብረ ብርሃን፣ እንዲሁም ከእሷም ለሚበርዱት ለመንዝና ለጣርማ በር ነዋሪ፣ ይህ ከመመሪያ ወረቀቱ ጥግ የሚፈለግ ዝርዝር ሳይሆን የኅዳርና የታኅሣሥ የየዕለት ጉዳይ ነው። መሣሪያው ሰው በሚያድርበት ቤት ውስጥ ይደር። ከ0 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ሊቲየም ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ውስጡ እስከ መጨረሻው ስለሚጎዳ፣ በብርድ ያደረ እንደሆነ ወደ ቤት ገብቶ ሙቀቱ እስኪመለስ ይጠበቅ።

ቁልቁለት ደግሞ በተቃራኒው፣ ባትሪው ሙሉ ሲሆን ያስቸግራል። መሣሪያው ሲዘገይ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ባትሪው ሞልቶ ከነበረ የሚመለሰው ኃይል መግቢያ ያጣል፣ መሣሪያውም ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ነጂውን እንዲወርድ ያስገድደዋል። ረጅም ቁልቁለት የሚጠብቀው ሰው አስቀድሞ ለጥ ባለ መንገድ ላይ ትንሽ ነድቶ ባትሪውን ያጉድል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው ዋና መንገድ ግን ለዚህ መሣሪያ በምንም ዓይነት አይሆንም፤ የጭነት መኪኖቹ ብቻ ይበቃሉ።

(ምስል፦ ዝናብ ያረጠበው የኮብልስቶን መንገድ። ባጃጅ ያልፋል።)

ተራኪ፦
ኮብልስቶንን በተመለከተ አቋሜ ጥብቅ ነው፦ በክረምት፣ ድንጋዩ ሲረጥብ፣ ውረዱና ግፉት። ጎማ ሰውን ሊደርስለት የሚችለው መሬት ሲቆነጥጥ ነው። ጎማው ለስላሳ በሆነ እርጥብ ድንጋይ ላይ ሲንሸራተት፣ ወይም ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ሲዘል አየር ላይ ሲሆን፣ የቱንም ያህል ቢሽከረከር ሥራ አይሠራም። በደረቅ ጊዜ በእርምጃ ፍጥነት፣ ጉልበትን አጥፎ ማለፍ ይቻላል። ጠጠርና አሸዋም እንደዚሁ ናቸው። በመንገድ ላይ የጋሪ ፈረስ ሲያጋጥም ደግሞ ቀድሞ መቆም ይሻላል፤ ድምፅ ሳያሰማ የሚመጣ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ፈረስ ያስደነግጣል።

ልጆች ይህን መሣሪያ ሲያዩ ካልወጣን ይላሉ። አይቻልም ማለት ጭካኔ አይደለም። ብዙዎቹ የሴግዌይ ሞዴሎች ለነጂው ቢያንስ 45 ኪሎ ግራም ክብደት ይጠይቃሉ፤ ፍሬኑ የሰው ክብደት ነው ብለናልና፣ ቀላል ልጅ ወደ ኋላ ቢያዘነብልም መሣሪያውን ማቆም ላይችል ይችላል። ለልጆች ይሆናል ተብሎ የሚገዛው እጀታ የሌለው ሆቨርቦርድም የራሱ ጣጣ አለው፦ እ.ኤ.አ. በ2016 አሜሪካ ውስጥ ከ500,000 በላይ የሚሆኑት ባትሪያቸው እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ከገበያ ተሰብስበዋል። ሁሉም እንቅልፍ ላይ ባለበት ሌሊት ቻርጅ ላይ አይተዉ፤ ከራሱ ቻርጀር ውጭም አይሰካ።

(ምስል፦ ጋሼ ከመሣሪያው ወርደዋል። ረዳቱ ሊያነሣው ጎንበስ ሲል እጃቸውን ዘርግተው ያስቆሙታል።)

ተራኪ፦
ጋሼ ትክክል ናቸው። መሣሪያው ገና አልጠፋም። እንደበራ ከመሬት ሲነሣ ያዘነበለ መስሎት ለማቃናት ጎማዎቹን ያሽከረክራል፤ የሚይዙት መሬት ስለሌለም ፍጥነታቸው እየጨመረ ይሄዳል፣ ያነሣውም ሰው ጣቶች እዚያው አጠገብ ናቸው። መጀመሪያ ማጥፊያው ይጫን፣ መብራቱ መጥፋቱ ይታይ፤ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ግራም በላይ ስለሆነም ደረጃ ላይ ለሁለት ይያዝ።

(ድምፅ ከግቢው፦)
— አጥፍተኸዋል ልጄ?
— አዎ ጋሼ፣ ጠፍቷል።
— እንግዲያ በዚያ በኩል ያዝ።