በስክሮል መጋዝ ቀጥ ያለ መስመር ለማውጣት

[ምስል፦ በእርሳስ የመስቀል ንድፍ የተሰመረበት የዋንዛ ሳንቃ]

ጎንደር ውስጥ የእንጨት መስቀልና የፎቶ ፍሬም የምትሠሩ ታውቁታላችሁ፤ በስክሮል መጋዝ፣ ማለትም ቀጭን ምላጩ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ በሚቆርጠው የጠረጴዛ ማሽን፣ ጥምዝ ማውጣት ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ቀጥ ያለው መስመር ነው። የጌጡ ሐረግ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢስት አይታወቅም፤ የመስቀሉ ክንድ ላይ ግን ዓይን ወዲያው ይይዘዋል።

ብዙ ሰው ጠረጴዛው ላይ ቀጥ ያለ ጣውላ አስሮ እንጨቱን በእሱ እያስደገፈ ይገፋል። ይህ አይሠራም፤ ምክንያቱ ከምላጩ ነው። አብዛኛው ምላጭ ሲመረት በአንድ ጎኑ፣ ብዙ ጊዜ በቀኙ፣ ስስ ሻካራ ጠርዝ ይቀርበታል። ያ ጎን የበለጠ ስለሚበላ ምላጩ ወደዚያው ይስባል። እንጨቱ በጣውላው ተይዞ መዞር ካልቻለ ምላጩ ይጎብጣል፣ ቁርጡም ከመስመሩ ይወጣል።

[ምስል፦ ከላይ የተቀረጸ፣ እንጨቱ በትንሹ ዘመም ብሎ ሲቆረጥ]

ስለዚህ ምላጩ የሚፈልገውን ማዕዘን ፈልጉለት። ቁራጭ እንጨት ላይ ከጠርዙ እኩል ርቀት ያለው መስመር አስምሩ። መስመሩን በነጻ እጅ እየተከተላችሁ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁረጡና እንጨቱን ሳታንቀሳቅሱ ማሽኑን አጥፉ። እንጨቱ ዘመም ብሎ ታገኙታላችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ይሆናል። በእንጨቱ ጠርዝ አቅጣጫ ጠረጴዛው ላይ ፕላስተር ለጥፉ። ከዚያ በኋላ መግፋት በዚያ አቅጣጫ ነው። ማሽኑን ራሱን በዚያው ልክ ብታዞሩት ደግሞ መስመሩ ፊት ለፊታችሁ ይመጣል፤ አንገትም አይደክምም። ምላጭ በቀየራችሁ ቁጥር ይህን ድገሙት።

ለቀጥታ ቁርጥ ሰፋ ያለ ምላጭ ይሻላል። ከ12 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ዋንዛ 5 ቁጥር (ቁጥሩ ሲጨምር ምላጩ ይሰፋል) ይበቃል፤ መስመሩ ረጅም ከሆነ ግን 7 ወይም 9 ቁጥር እመርጣለሁ። ጥርሱ ወደ ታች ይመልከት። ውጥረቱን በጣት ነካ አድርጋችሁ ፈትኑ፤ እንደ ክራር ጅማት ጥርት ያለ ቀጭን ድምፅ መስጠት አለበት። ድምፁ የታፈነ ከሆነ ላልቷል።

[ምስል፦ ወፍራም ቁራጭ ከምላጩ ፊት ወደ ኋላው ሲዞር]

ጠረጴዛው ለምላጩ ልክ 90 ዲግሪ መሆኑን በስኳድራ (በማዕዘን መለኪያ) እዩ። ከስኳድራም የሚታመን መንገድ አለ። 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ግቡ፣ ማሽኑን አጥፉ፣ እንጨቱን ሳትገለብጡ ወደ ምላጩ ጀርባ አዙራችሁ ቁርጡን ከምላጩ ጋር አገናኙ። ሳይነካካ ከገባ ጠረጴዛው ትክክል ነው። ካልገባ የምታዩት ስህተት እጥፍ ሆኖ ነው፤ ግማሹን ብቻ አስተካክሉ።

ሲቆረጥ ዓይናችሁ ከጥርሱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቀድሞ ያለው መስመር ላይ ይሁን። ቁርጡ ሲስት እንጨቱን ወደ ጎን አትግፉት፤ በቀስታ አዙሩት። ወደ ጎን ስትገፉ ከላይ መስመሩ የተስተካከለ ይመስላል፣ ከታች ግን ምላጩ ሆዱን አውጥቶ ሌላ ቦታ ይሄዳል። እንጨቱን ገልብጣችሁ ብታዩ ይታያል። ወደ ፊት በኃይል መግፋትም ምላጩን ያጎብጠዋል። ወይራ ላይ ደግሞ ያቃጥላል፤ መስመሩ ላይ የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር መለጠፍ ማቃጠሉን ይቀንሳል።

የመብራት ኃይል ሲወርድ ሞተሩ ከደከመ እናንተም ፍጥነታችሁን ቀንሱ። መብራት ከጠፋ ማብሪያውን ወዲያው አጥፉ፤ ሲመለስ ማሽኑ በራሱ ሊነሳ ይችላል።

[ምስል፦ የመስቀሉ ውስጠኛ ክፍት ቦታ]

የመስቀሉ ውስጥ አራት ማዕዘን ክፍት ቦታ ሲወጣ፣ በሚጣለው ክፍል 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሱና ምላጩን አሳልፉ። አንዱን መስመር እስከ ማዕዘኑ ድረስ ቁረጡ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ተመለሱ፣ በሚጣለው ክፍል ውስጥ ዞራችሁ ሁለተኛውን መስመር ጀምሩ። ማዕዘኑ ላይ ቆማችሁ ምላጩን አታሽከርክሩት፤ ማዕዘኑ ይከብባል። የቀረችውን ጥግ በመጨረሻ ከሌላው አቅጣጫ ግቡና አውጧት።