ንጉሡ አምላክ ከሆነ ሚስቱ ምንድን ናት? የኔፓል ንግሥቶች ሕይወት

ሰላም ቤተሰብ! እንዴት ናችሁ? ዛሬ ኔፓል ነን። ስለ ኤቨረስት ግን አላወራም። ስለ ኤቨረስት የሚያወራ ቻናል ሞልቷል። እኛ ከተራራው እንወርድና ካትማንዱ እንገባለን፣ ናራያንሂቲ የሚባለው ቤተ መንግሥት። ንጉሡን ሳሎን ትተነው ወደ ጓዳ እናልፋለን። ዛሬ የምፈልጋት ሚስቱን ነው።

ለምን መሰላችሁ? ኔፓል እስከ 2008 ድረስ በሂንዱ ንጉሥ ሥር የቆየች የመጨረሻዋ አገር ነበረች። ንጉሡ ደግሞ ተራ ንጉሥ አይደለም። ቪሽኑ የሚባለው የሂንዱ አምላክ ሥጋ ለብሶ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። እሺ፣ ንጉሡ አምላክ ነው እንበል። ሚስቱስ? ሚስቱ ምንድን ናት?

እሷ አምላክ አይደለችም። ግን አምላክ ላይ መወርወር ያልተቻለ ድንጋይ ሁሉ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። ይህን ይዛችሁ ተከተሉኝ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር። የምጠራቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ኔፓሎች የራሳቸው አቆጣጠር አላቸው፣ ከፈረንጁ ሃምሳ ሰባት ዓመት ገደማ ወደፊት የሄደ። እኛ ደግሞ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ነን። ሦስቱን ካቀላቀልን ዛሬ ከዚህ ቤት አንወጣም።

አሁን የሕጉን ጉዳይ ቶሎ ቶሎ ልበለው፣ መሠረቱን ታውቁታላችሁ። ዘውድ የሚጭነው ወንድ ነው። በ1990ው ሕገ መንግሥት መሠረት ንጉሡ ኔፓልን አንድ ያደረገው የመጀመሪያው ንጉሥ የፕሪትቪ ናራያን ሻህ ዘርና የሂንዱ ሃይማኖት ተከታይ መሆን ነበረበት። ሚስቱ «ባዳ ማሃራኒ» ትባላለች፣ ዋናዋ ንግሥት ማለት ነው። ዙፋን አትወርስም። ባሏ ሲሞትና ልጇ ሲነግሥ የንጉሥ እናት ትሆናለች። አለቀ። ሕጉ ይሄው ነው። ሕይወቱ ግን ሌላ ነው።

ወደምወዳት ምሳሌ ልምጣ። ጉልቻ ታውቃላችሁ አይደል? ሦስት ድንጋይ። ድስቱ ላያቸው ላይ ይቀመጣል፣ እሳቱ መሀላቸው ይነዳል። ወጡ ሲወጣ ሁሉም ስለ ወጡ ያወራል። «ጣፍጧል!» «ጨው በዝቶበታል!» ስለ ጉልቻው የሚያነሳ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? የለም። ጉልቻው ጭስ ይጠጣል፣ ጥላሸት ይለብሳል፣ ይግላል፣ ዝም ይላል። ግን አንዷን ድንጋይ ብቻ ሳብ አድርጓት። ድስቱ ተደፋ! ወጡም ሄደ፣ እሳቱም ጠፋ፣ እናንተም ተቃጠላችሁ።

የኔፓል ንግሥት ጉልቻ ናት። ድስቱ የሻህ ነገሥታት ዙፋን ነው። ድንጋዮቹ የመጡት ደግሞ ባመዛኙ ከአንድ ግቢ ነው፣ ከራናዎች ግቢ። (አሁን በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው የምናበስለው የምትሉኝ አላችሁ። አውቃለሁ። መብራት ሲጠፋ እንገናኛለን።)

ራናዎች እነማን ናቸው? በ1846 ጃንግ ባሃዱር የሚባል የጦር ሰው በአንድ ሌሊት ተቀናቃኞቹን አስጨርሶ ሥልጣኑን ጠቀለለ። ንጉሡን ግን ከዙፋን አላጠፋም። ጮሌ ነው። ንጉሡ እንደ አምላክ ይቀመጥ፣ እኔ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኜ አገሩን ልግዛ አለ። ጠቅላይ ሚኒስትርነቱም በቤተሰቡ የሚወረስ ሆነ፣ ከመቶ ዓመት በላይ። ታዲያ ንጉሡን በምን አሰረው? በጋብቻ። ሴት ልጆቹን ለአልጋ ወራሹ ዳረ። ከዚያ በኋላ የራና ሴት ልጅ ለሻህ ቤት መዳሯ የተለመደ ሆነ።

ሌላ የሚገርም ነገር አለ። ሙሽሮቹ እህትማማች ሆነው ይመጣሉ! ንጉሥ ትሪቡቫን ገና በ12 ዓመቱ በ1919 ሁለት እህትማማቾችን አገባ፣ ካንቲንና ኢሽዋሪን። እነሱ እንኳ ከህንድ የመጡ ናቸው፣ ራና አይደሉም። ልጁ ማሄንድራ የራና ልጅ ኢንድራን አገባ። ኢንድራ በ1950 ሞተች። ከዚያስ? በ1952 የእሷን እህት ራትናን አገባ። አባቱ በዚህ ጋብቻ ቅር ብሎት ነበር። ራትና የራሷን ልጅ እንዳትወልድ ቃል ገብታለች እየተባለም ይወራል። ቃሉ ይኑርም አይኑርም ልጅ አልወለደችም። የእህቷን ልጆች አሳደገች። ትልቁ ቢሬንድራ እናቱ ስትሞት ገና አምስት ዓመት አልሞላውም ነበር።

ቀጥሉ። በ1970 ቢሬንድራ የራናዋን አይሽዋርያን አገባ። በዚያው ዓመት ወንድሙ ግያኔንድራ የአይሽዋርያን እህት ኮማልን አገባ። ቆይቶ ታናሹ ድሬንድራ ሦስተኛዋን እህት ፕሬክሻን አገባ። ሦስት ወንድማማቾች፣ ሦስት እህትማማቾች! ጉልቻ ያልኳችሁ በከንቱ ነው?

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» እንላለን። ኔፓል ውስጥ ተገላቢጦሽ ነው። ወጡ ስንቴ ተቀየረ! በ1951 የራናዎች አገዛዝ ወደቀ። በ1960 ማሄንድራ ፓርላማውን በትኖ ፓርቲዎችን አገደ። በ1990 ፓርቲዎቹ ተመለሱ። ጉልቻው ግን ያው ነው። ራናዎች ከቢሮ ቢወጡም ከጓዳ አልወጡም።

አሁን አይሽዋርያን ቀረብ ብለን እንያት። በ1949 ካትማንዱ ላዚምፓት ቤተ መንግሥት ውስጥ ተወለደች። በተማሪነቷ ህንድ አገር የሴቶች ገዳም ትምህርት ቤት ነበረች። ኋላም ኔፓል ውስጥ ዲግሪዋን ይዛለች። በ22 ዓመቷ ንግሥት ሆነች፣ ማሄንድራ በ1972 በድንገት ሲሞት። በዓለ ንግሡ ግን ሦስት ዓመት ቆየ። ኮከብ ቆጣሪዎቹ መልካሙን ቀን እስኪያገኙ ማለት ነው። በ1975 ቀኑ ደረሰ። ቢሬንድራ ከልዩ ልዩ ቦታ የመጣ ጭቃ ተቀባ፣ ከዚያ በወተት፣ በእርጎ፣ በቅቤና በማር ታጠበ፣ ቀጥሎ ዘውዱን ጫነ። ይህ ሁሉ ለእሱ ነው። እሷ ከጎኑ ናት።

የእሷ ሥራ ዓመቱን ሙሉ ነው። ቀይ ሳሪ ለብሳ፣ ፀጉሯ መሀል ለመሀል ተከፍሎ፣ በክፍሉ ላይ ሲንዱር የሚሉት ቀይ ዱቄት ተሰምሮ። አንገቷ ላይ የጨሌ ማተብ፣ በማተቡ ላይ ቲልሃሪ የሚሉት የወርቅ ጌጥ። ያገባች ሴት ምልክት ነው፣ ገበሬዋም ንግሥቷም የምታደርገው። ዳሻይን የሚባለው ትልቁ በዓል ሲመጣ ሕዝቡ በናራያንሂቲ በር ይሰለፋል። ሩዝ፣ እርጎና ቀይ ዱቄት ተለውሶ ቲካ ይሆናል። ንጉሡና ንግሥቲቱ እየነኩ ግንባር ላይ ይለጥፋሉ። ሰልፉ ሲረዝም አስቡት። ጣቷ ቀይ ሆኖ ይውላል። ፈገግታም አለ። ፈገግታውን ማቋረጥ አይቻልም።

ሲመሽ ደግሞ ግጥም ትጽፋለች። ቻንዳኒ ሻህ በሚል የብዕር ስም። ግጥሞቿ ዘፈን ሆነው በሬዲዮ ተደምጠዋል። አማቷ ማሄንድራም ገጣሚ ነበር፣ ቤቱ የገጣሚ ቤት ነው። እኔ በግሌ ይህን ስሰማ ነው የወደድኳት። በራሷ ስም መናገር የማትችል ሴት በሌላ ስም ስትዘፍን!

ሥልጣንም ነበራት። የአገሪቱን የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚያስተባብረውን ምክር ቤት ትመራ ነበር። ብዙ ሰው ከባሏ ይልቅ እሷ ትበረታለች ይል ነበር። በ1990 ሕዝቡ አደባባይ ሲወጣ መፈክሩ እሷን አልማራትም። ያልኳችሁ ድንጋይ ይሄ ነው። ንጉሡ የዋህ ነው፣ ያበላሸችው ሚስቱ ናት። ይህን አባባል የትም አገር ሰምታችሁታል። ኔፓል ውስጥ ግን ሃይማኖቱም ያግዘዋል። ቪሽኑ አይሳሳትማ!

እዚህ ጋ ልቁም። ባለፈው ቪዲዮ ሥር አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ጻፋችሁልኝ። «የሂንዱ ንጉሥ ሲሞት ሚስቱ አብራ ትቃጠል የለ እንዴ? ራትና እንዴት ተረፈች?» አንዳንዶቻችሁማ «ዋሽተኸናል» ብላችኋል። እሺ፣ እንነጋገር።

ሳቲ ይባላል። መበለቲቱ በባሏ አስከሬን እሳት ላይ መቃጠሏ። ነበረ። አልክድም። ጃንግ ባሃዱር በ1877 ሲሞት ሦስት ሚስቶቹ ተቃጥለዋል። ግን ሁሉም መበለት አልተቃጠለችም። ሕግም ሆኖ አያውቅም። ኔፓል ውስጥ በ1920 በአዋጅ ተከለከለ። ማሄንድራ የሞተው በ1972 ነው። ሃምሳ ሁለት ዓመት በኋላ! ራትና የምታነሳው ሲንዱሯንና ቀይ ልብሷን ነው፣ ሕይወቷን አይደለም።

ግን ጥያቄያችሁ አንድ ታሪክ አስታወሰኝ፣ ሳልነግራችሁ አልሄድም። 1806 ነው። ዙፋኑን ለልጁ የለቀቀው ራና ባሃዱር ሻህ በገዛ ወንድሙ ተገደለ። ሚስቶች ነበሩት። ትልቋ ራጅራጄሽዋሪ ከዚያ በፊት እንደራሴ ሆና አገር የገዛች ሴት ናት። ትንሿ ትሪፑራ ሱንዳሪ ወጣት ናት። ሁለቱም የአንድ ሰው መበለቶች፣ ሃይማኖታቸውም አንድ። ትልቋ ወደ እሳቱ ሄደች። ትንሿ ወደ እንደራሴነቱ።

ሃይማኖት ብቻ ቢሆን ሁለቱም በተቃጠሉ ነበር። ልዩነቱ ፖለቲካ ነው። ቢምሴን ታፓ የሚባል ባለሥልጣን እየወጣ ነበር። አገር መግዛት የለመደች መበለት አትመቸውም። ወጣቷ ትመቸዋለች። የተመቸችው መስሎት ነበር ልበል? ምክንያቱም ትሪፑራ ሱንዳሪ እስከ 1832 በሁለት ነገሥታት ዘመን እንደራሴ ሆና ቆየች። ማሃባራታ ከሚባለው ጥንታዊ የሂንዱ ረጅም ግጥም ውስጥ ስለ ንጉሥ ግዴታ የሚናገረውን ክፍል ወደ ኔፓልኛ መለሰች። የባሏ መታሰቢያ ያደረገችው ቤተ መቅደስ ዛሬም ካትማንዱ ውስጥ አለ፣ ሰፈሩም በእሱ ይጠራል። ስለዚህ «ሳቲ» የሚለውን ስትሰሙ «ማን ተጠቀመ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ለሚጠይቅ ሰው ላይክ ይገባዋል፣ ተጫኑት።

ወደ ሦስቱ እህትማማቾች ልመለስ። ሰኔ 1 ቀን 2001፣ ዓርብ ማታ። ሰኔው የፈረንጁ ነው። የንጉሡ ቤተሰብ ለእራት ተሰብስቧል። የመንግሥት አጣሪ ኮሚቴ እንዳለው አልጋ ወራሹ ዲፔንድራ መሣሪያ ይዞ ገብቶ ተኮሰ። አባቱን ቢሬንድራን፣ እናቱን አይሽዋርያን፣ ወንድሙን፣ እህቱን። እሱን ጨምሮ አሥር ሰው ሞተ። ራሱን ሳያውቅ ሆስፒታል ተኝቶ ሦስት ቀን «ንጉሥ» ተባለ። ሊያገባት የፈለጋትን ሴት እናቱ ስለከለከለችው ነው ሲባል ሰምታችኋል። ልጅቷም ከራና ቤት ናት፣ ከሌላው ቅርንጫፍ። ነገሩ ሴራ ነው፣ አይደለም እያላችሁ ኮሜንት ላይ እንደምትፋጁ አውቃለሁ። ግን ልብ አላችሁ? በዚህም ታሪክ ውስጥ ጥፋቱ ዞሮ እናትየዋ ላይ አረፈ። የሞተችውም እሷ፣ የተወቀሰችውም እሷ።

ኮማል በጥይት ቆስላ ተረፈች። ባሏ ግያኔንድራ ሲነግሥ እሷ ሆስፒታል ናት። ንግሥትነት አልጋ ላይ ተኝታ ደረሳት፣ እህቷን ሳትቀብር። ሦስተኛዋ ፕሬክሻ ከባሏ ተፋትታ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ራራ ሐይቅ አካባቢ በሄሊኮፕተር አደጋ ሞተች። ከሦስቱ አንዷ ቀረች።

እሷም ብዙ አልነገሠችም። ግንቦት 28 ቀን 2008 ዘውዱ በድምፅ ተሻረ። ሰኔ 11 ቀን ኮማልና ባሏ ናራያንሂቲን ለቀው በመኪና ወጡ። ዘውዱም እዚያው ቀረ። አሁን ቤተ መንግሥቱ ሙዚየም ነው፣ ቲኬት ቆርጣችሁ ትገባላችሁ። ክፍሎቹ በአገሪቱ አውራጃዎች ስም ተሰይመዋል። የተኩሱ ቤት ግን ከተኩሱ በኋላ እንዲፈርስ ተደርጓል።

ራትናስ? አዲሱ መንግሥት እሷን አላስወጣትም። በግቢው ውስጥ ባለው ማሄንድራ ማንዚል በሚባል ቤት እንድትቆይ ፈቀደላት። ንጉሡ ወጥቶ የንጉሡ እንጀራ እናት ቀረች! መሀል ከተማ በስሟ የተሰየመ መናፈሻም አለ፣ ራትና ፓርክ። ስሙን ለመቀየር ተሞክሯል። የካትማንዱ ወያላዎች ግን አልሰሙም፣ ዛሬም ከሚኒባሱ በር ላይ ተንጠልጥለው «ራትና ፓርክ! ራትና ፓርክ!» እያሉ ይጠራሉ።

በሚቀጥለው ቪዲዮ ኩማሪን እናያለን፣ ንጉሡ ራሱ ጎንበስ ብሎ ቲካ ይቀበላት የነበረችውን ትንሽ ልጅ። ሰብስክራይብ አድርጋችሁ ጠብቁኝ። ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ «ዋሽተኸናል» ብቻ አትበሉኝ።