ውሃው ሄዶ ሲመለስ

የተከበራችሁ ተሰብሳቢዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

በከተማ ውሃ ሲጠፋ ሁሉም የሚጠይቀው «መቼ ይመጣል?» ብሎ ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ግን ከመጣ በኋላ ስላለው ነው። በፈረቃ የሚለቀቅ ውሃ ከማጣሪያ ጣቢያው ንጹህ ሆኖ ቢወጣም ቤት እስኪደርስ ሊበከል ይችላል።

ስንጥቅ የሌለው የከተማ መስመር የለም። ግፊት እስካለ ድረስ ውሃው በስንጥቁ ወደ ውጭ ይፈሳል እንጂ ከውጭ የሚገባ ነገር አይኖርም። ውሃው ሲቋረጥ ነገሩ ይገለበጣል። በመስመሩ ውስጥ የቀረው ውሃ ወደ ዝቅተኛው ሰፈር ሲወርድ ከላይ ያለው ቧንቧ መሳብ ይጀምራል። አጠገቡ የሚያፈስ የፍሳሽ መስመር ወይም የሽንት ቤት ጉድጓድ ካለ የሚስበው ያንኑ ነው። ጫፉ እጣቢ ባለበት ሳፋ ውስጥ ተነክሮ የተረሳ ጎማም እጣቢውን ወደ መስመሩ ይመልሰዋል። ከሁሉም የሚብሰው ግን ፓምፕን በቀጥታ ከመንገዱ መስመር ጋር መግጠም ነው። እንዲህ ያለው ፓምፕ የጎረቤትን ውሃ መሻማቱ ሳያንስ በየስንጥቁ ያለውን ቆሻሻ ለመላው ሰፈር ይስባል። ፓምፕ መግጠም የግድ ከሆነ ውሃው በራሱ ግፊት መጀመሪያ ወደ ታንከር ይግባ፤ ፓምፑ ከታንከሩ ይሳብ።

ስለዚህ ውሃ ሲመለስ መጀመሪያ የሚወርደውን አትጠጡት፤ ለወለልና ለሽንት ቤት ይሁን። ጠርቶ መውረድ ሲጀምር ለመጠጥ ቅዱ። ይሁን እንጂ መጥራቱ ብቻ ዋስትና አይሆንም። ማፍላት ከቻላችሁ ውሃው ከተንፈቀፈቀ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃል፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ቦታ 3 ደቂቃ ይሁን። ለዚያ የሚሆን ነዳጅ ከሌለ ሽቶም ሳሙናም ያልገባበት፣ ጥንካሬው 5 በመቶ የሆነ በረኪና በሊትር 2 ጠብታ ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ለ20 ሊትር ጄሪካን 2 ሚሊ ሊትር ያህል ይሆናል፤ ጠብታ ከመቁጠር መርፌ የሌለው አዲስ ሲሪንጅ ይቀላል። ድፍርስ ውሃ አስቀድሞ ይዝቀጥ፣ በንጹህ ጨርቅ ይጠለል፣ የበረኪናው መጠንም እጥፍ ይሁን፤ በበረኪናው ውስጥ ያለውን ጀርም ገዳይ ክሎሪን ደለሉ ስለሚጨርሰው። ጸሐይ ላይ የቆየ ወይም ያረጀ በረኪና ደግሞ ጉልበቱ ያልቃል።

አንድ ነገር ግን አይምታታ። ማፍላትም ሆነ ክሎሪን ፍሎራይድን፣ ናይትሬትን ወይም እርሳስን አያወጣም። እንዲያውም ውሃው ሲተን እነዚህ ነገሮች ይበልጥ ይከማቻሉ።

አሁን ወደ ታንከሩ እንምጣ፤ ብዙ የታከመ ውሃ እንደገና የሚበላሸው እዚያ ነውና። ክዳኑ ገጥሞ ይዘጋ፣ የትርፍ ውሃ መውጫው አፍ ላይ ወንፊት ይደረግ። ብርሃን የሚያስገባ ታንከር አረንጓዴ አልጌ ያበቅላል። ሲታጠብ ውሃው ይደፋ፣ ግድግዳው በብሩሽ ይፈተግ፣ የታችኛው ጭቃ ተጠርጎ ይውጣ። ከዚያም ታንከሩን ሞልታችሁ ለ1,000 ሊትር 1 ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና ጨምሩ። የቤቱን ቧንቧዎች ሁሉ የክሎሪን ሽታ እስኪመጣ ከፍታችሁ ዝጉና አንድ ሙሉ ቀን አቆዩት። ይህ ውሃ አይጠጣም፤ ሙሉ በሙሉ ተደፍቶ በአዲስ ይተካ። በረኪናን ከአሲድ ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። የመሬት ውስጥ ታንከር ውስጥም አየሩ ሳይፈተሽ፣ ከውጭ የሚጠብቅ ሰውም ሳይኖር ማንም አይግባ፤ አየሩ ሊያፍን ይችላል።

እጥረቱን በተመለከተ፣ በፈረቃ መዝጋት የሚታሰበውን ያህል ውሃ አያተርፍም ባይ ነን። ቧንቧውን ከፍቶ የተኛ ሰው ሌሊት ውሃው ሲመጣ ቤቱን ያጥለቀልቃል፤ ባዶ መስመር በድንገት ሲሞላም አየሩና የግፊቱ ምት ቧንቧ ያፈነዳሉ። የደቡብ አፍሪካዋ ኬፕ ታውን እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ የነዋሪውን ድርሻ በቀን ወደ 50 ሊትር ስታወርድ ከመሣሪያዎቿ አንዱ የመስመሩን ግፊት ዝቅ ማድረግ ነበር። ግፊት ሲቀንስ ከስንጥቅ የሚፈሰውም ይቀንሳል፤ ቧንቧው ግን ባዶ አይሆንም።

በየቤቱም የሚባክነው ቀላል አይደለም። ጠብታው ባለ 250 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ በሩብ ሰዓት የሚሞላ ቧንቧ በቀን 24 ሊትር፣ ማለትም ከአንድ ጄሪካን በላይ ያፈሳል። ቧንቧዎችን ሁሉ ዝጉና ቆጣሪውን ተመልከቱ፤ ከዞረ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። በሽንት ቤቱ ታንክ ውስጥ የምግብ ቀለም ጨምራችሁ ሳትለቁ 20 ደቂቃ ብትጠብቁና ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ቢታይ፣ ያረጀው የታችኛው ላስቲክ ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት ከፊት ለፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ ያመጣችሁት ውሃ ምን ያህል ክሎሪን እንዳለው መለካት ትችላላችሁ። የመለኪያው እንክብል ሲገባ ውሃው ወደ ሐምራዊ ሮዝ ከተለወጠ ክሎሪን አለው። ንባቡ በሊትር ከ0.2 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ ግን ያ ውሃ ዛሬውኑ መታከም አለበት። ጥያቄዎቻችሁንም እዚያው እንቀበላለን።