ልውውጥ ከሆነ ምን ይዘን እንሂድ?

ክቡራን መምህራን፣ ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ!

ተማሪ ለተወሰነ ጊዜ ውጭ አገር ሄዶ ስለሚማርበት የልውውጥ ትምህርት እንድናገር ስጋበዝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ የቆሎ ተማሪ ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከመንደሩ የሚወጣው ልጅ። ድጓ ሲሻ ቤተልሔም ይሄዳል። ቅኔ ሲያምረው ጎጃም ተሻግሮ ዋሸራ ይገባል። ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ አለ። አቋቋም ለመማር ደግሞ ከየአገሩ ወደዚህ፣ ወደ ጎንደር በአታ ይመጣል። አያቶቻችን ሁሉም ዕውቀት አንድ ደጅ እንደማይገኝ ያውቁ ነበር። ስለዚህ ለትምህርት ርቆ መሄድ ለዚህች ከተማ እንግዳ ነገር አይደለም። የረዘመው መንገዱ ነው።

አንድ ሰው ላስታውሳችሁ። ጎንደር በምትቆረቆርበት በአፄ ፋሲል ዘመን፣ የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ከአገር ወጥተው ሮም ደረሱ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1649 ሂዮብ ሉዶልፍ ከሚባል ጀርመናዊ ወጣት ጋር ተገናኙ። በ1652 ደግሞ ተጋብዘው ጀርመን፣ ጎታ ድረስ ሄዱ። ስለ ቋንቋችን፣ ስለ ታሪካችን፣ ስለ አገራችን የሚያውቁትን ነገሩት። ሉዶልፍ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ ግን ይህን አላዩም። በ1658 ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲጓዙ መርከባቸው ተሰብሮ አረፉ። ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴን ይበላኛል። የያዙት ሀብት ዕውቀታቸው ብቻ ነበር፤ በሰው አገር ያስከበራቸውም እሱ ነው።

ልውውጥ የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። መቀበል አለበት፣ መስጠትም አለበት። እኔ ለአንድ ሴሚስተር ጀርመን ስማር የክፍል ጓደኞቼ ጥያቄ አያልቅም ነበር። 13ኛው ወር ምንድን ነው? ገናን ለምን በኋላ ታከብራላችሁ? ከፋሲል ቀጥሎ ያሉትን ግንቦች እነማን ሠሯቸው? በየቀኑ አጠገቡ ያለፍኩበትን ግንብ ታሪክ በደንብ የተማርኩት እዚያ ሆኜ ነው። እናንተ ግን ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ወስዳችሁ ግቢውን በአስጎብኚ ዙሩት። እውነቴን ነው፣ ከሻንጣ በፊት ይህን አድርጉ።

እኔስ ምን ተቀበልኩ? ከሁሉ በላይ መጠየቅን። እዚያ ተማሪ እጁን አውጥቶ «በዚህ አልስማማም» ይላል። መምህሩም ያመሰግነዋል። ዝምታን እንደ ጨዋነት ተምሬ ላደግኩት ለእኔ ከባድ ነበር። በሁለተኛው ወር ግን ድምፄ ወጣ። ያ ድምፅ እስካሁን አብሮኝ አለ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ልውውጥ ማለት ሙሉ ስኮላርሺፕ ማለት አይደለም። ተመዝግባችሁ የምትቆዩት እዚሁ ነው፤ ዲግሪውንም የሚሰጣችሁ የራሳችሁ ዩኒቨርሲቲ ነው። ኢራስመስ የሚባለው የአውሮፓ የልውውጥ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1987 ሲጀመር በአውሮፓውያን መካከል ነበር። ዛሬ ኢራስመስ ፕላስ ከሌሎች አገሮችም ተማሪ ይቀበላል፤ ቆይታው ከ2 እስከ 12 ወር ሊሆን ይችላል። ታዲያ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዩኒቨርሲታችሁ ከማን ጋር ስምምነት አለው የሚለው ነው።

ቀጥሎ የትምህርት ስምምነት ሰነድ አለ። እዚያ የምትወስዷቸው ኮርሶች እዚህ በየትኛው ኮርስ ምትክ እንደሚያዙላችሁ የሚጻፍበት ወረቀት ነው። እኔ እዚያ ከደረስኩ በኋላ ሁለት ኮርስ ቀየርኩ። በስልክ «ችግር የለም» ተባልኩና አመንኩ፤ አላስፈረምኩም። ስመለስ ሁለቱም አልተያዙልኝም። እንደገና ተቀምጬ ተማርኳቸው። እባካችሁ፣ የቃል ተስፋ ይዛችሁ እንዳትቀሩ።

ስማችሁንም ተመልከቱ። አንዱ ሰነድ ላይ ፀሐይ በ«ቲ»፣ ሌላው ላይ በ«ቲ ኤስ» ከተጻፈ ሁለት ሰው ትመስላላችሁ። የቤተሰብ ስም ሲጠይቋችሁ ፓስፖርታችሁ ላይ ያለውን ብቻ ጻፉ። የልደት ቀናችሁን በትክክል ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀይሩ። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር «በአዲስ አበባ ሰዓት ጠዋት 9» ከተባላችሁ የኛ 3 ሰዓት ነው። በዚህ ስህተት ቃለ መጠይቅ ሊያመልጣችሁ ይችላል፤ ያሳዝናል።

የገንዘቡ ነገር እንደየአገሩ ይለያያል። ጀርመን ለመሄድ ስኮላርሺፕ ወይም ዋስ የሌለው ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የመኖሪያ ገንዘቡን በዝግ ሂሳብ፣ ማለትም በየወሩ የተወሰነ ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሂሳብ፣ አስቀምጦ ማሳየት ይጠበቅበታል። የጤና መድን ግዴታ ነው። ለቪዛ ደግሞ አዲስ አበባ መመላለስ አለ። የጉዞውንና የማረፊያውን ወጪ ከአሁኑ አስቡት፤ ቀጠሮ ደግሞ በፈለጋችሁት ቀን አይገኝም።

ወላጆች፣ በተለይ የሴት ልጆች ወላጆች፣ ስጋታችሁ ይገባኛል። ብቻዋን ምን ትሆናለች ትላላችሁ። የት እንደምታርፍ፣ ማን እንደሚቀበላት፣ ስትታመም ወዴት እንደምትሄድ ጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። መልስ ካገኛችሁ ግን አትከልክሏት።

ከፕሮግራሙ በኋላ እኔ ከዚህ አዳራሽ አልወጣም። ፓስፖርትና ትራንስክሪፕት የያዘ ካለ ይምጣ። ስሙን ፊደል በፊደል አብረን እናስተያያለን።

አመሰግናለሁ።